በሞተር ቤት የለካሁት መብራት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሮቤ ውስጥ አምፖል የሚገዛ ሰው በእኔ በር ሳያልፍ የሚገዛ አይመስለኝም። ካርቶኑን ይዞ ይመጣል። «ኦቦ ቃሲም፣ ይሄ ዘጠኝ ሻማ ነው፣ ግን የድሮውን ሰባ አምስት ያህል ያበራል ይላል፤ እውነት ነው?» ይለኛል። ዋቱን ሻማ ነው የምንለው እኛ። እኔም «ማን ለካው? የት ሆኖ ለካው?» እላለሁ። ይስቃሉ። አንዱ ጎረቤቴማ «እሱን ከጠየቃችሁ ጨለማ ውስጥ ታድራላችሁ» እያለ ያሾፍብኛል። አዲሶቹ መብራቶች ጥሩ ናቸው፣ እኔም ቤት ሦስት አሉ፣ አልከሳቸውም። ግን መብራትን ከመብራት ማወዳደር ካርቶን ላይ እንደተጻፈው ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የተማርኩት በሰው ጉዳት ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ ከዚያች አንድ በጋ የከበደ ግን የለም፤ ስለዚህ እሷን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነውና ጽሑፌ ቢወላገድ አንባቢ ይታገሰኝ።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ሮቤ የናፍጣ በርሜል በማንከባለል ነው። ከዚያ ዲንሾ ላኩኝ። እዚያ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ነበረች፤ ጠዋት ጠዋት ዘይቷ በብርድ ስለሚረጋ ከሆዷ ሥር ፍም አድርጌ ካላሞቅኋት አትነሳም። እኔ እሷን ሳሞቅ ሰዉ «ቃሲም ላሙን ሊያልብ ነው» ይለኝ ነበር። ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወደ ጎባ ተዛወርኩ። ጎባ ያኔ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ነች፤ ጽሕፈት ቤቱም ኃላፊውም ስብሰባውም እዚያ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ በወሩ ግን ይመጣል። ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

ጎባ ላይ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ጋሽ ወልዴ ናቸው። የሞተር ቤቱ አለቃ ነበሩ። ድሬዳዋ ተምረው፣ እዚያው ብዙ ዓመት ሠርተው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ብርድ የማይችሉ ሰው። ሁልጊዜ ሁለት ጋቢ ደርበው ነው። ሽቦ ሲነኩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከቱታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ኤሌክትሪክ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ ልብ ላይ ነው፤ መንገዱን ዝጋበት» አሉኝ። እኔም እስከ ዛሬ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሚስቴ ሁልጊዜ የጠፋ ነገር የምፈልግ ይመስላታል።

ሌላው ልማዳቸው ካርቶን አለማመን ነው። «ካርቶን አፍ ነው፣ ቆጣሪ ሆድ ነው፤ ሆዱን ጠይቅ» ይላሉ። አንድ መብራት ስንት እንደሚፈጅ ለማወቅ ሌላውን ሁሉ አጥፍተው እሱን ብቻ በአንድ ቆጣሪ ላይ ያስራሉ። ቆጣሪው ውስጥ ቀይ ምልክት ያለባት ሳህን ትዞራለች። እሳቸው የኪስ ሰዓታቸውን ይይዛሉ፣ እኔ ቀዩ ባለፈ ቁጥር በሩ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ማንበብ ገና አልቻልኩም ነበር፣ መስመር ግን አይስተኝም። በዚህ ዓይነት ፍሎረሰንቱ፣ ያ ረጅሙ ነጭ ቱቦ፣ ካርቶኑ ላይ አርባ ይበል እንጂ ከላዩ ያለው ባላስት፣ ያ ከባድ የብረት ሣጥን፣ የራሱን ጨምሮ ወደ ሃምሳ እንደሚወስድ ያወቅነው እኛው ነን። እንደዚያም ሆኖ ባለ መቶው አምፖል ሁለቴ ሲያዞራት እሱ የሚያዞራት አንዴ ነው።

ብርሃኑንስ በምን ይለኩታል? በወረቀት። ነጭ ወረቀት መሐሉ ላይ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ያሳርፉና በእንጨት ወጥረው ያቆሙታል። በአንድ ጎኑ አንዱን መብራት፣ በሌላ ጎኑ ሌላውን ያደርጋሉ። ብርሃኑ በማዶ ከበዛ የዘይቱ ነጥብ ደምቃ ትታያለች፣ በወዲህ ከበዛ ጠቁራ ትታያለች። መብራቱን ሲያስጠጉና ሲያርቁ አንድ ቦታ ላይ ነጥቧ ትጠፋለች። ያኔ ወረቀቱ ጋ የሚደርሰው ብርሃን በሁለቱም ጎን እኩል ነው። ከዚያ ርቀቱን በስንዝር ይለካሉ። «አምፖሉን ያየ ይታለላል፣ ወረቀቱን እይ» ይሉኛል፤ ዓይኔ ወደ መብራቱ ከሄደ በክርናቸው ይጎስሙኛል። አምፖሉ ስድስት ስንዝር፣ ቱቦው ስምንት ስንዝር ላይ ሆነው ነጥቧ ጠፋች። ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃን አራት እጥፍ ይሳሳል ብለው ስድስቱን በስድስት፣ ስምንቱን በስምንት አባዙና በጠመኔ ጻፉት። ቱቦው በግማሹ ኃይል እጥፍ ለመሆን ትንሽ የቀረው ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ወረቀት ላይ ነጥብ ስትጠፋ እውነት ስትገለጥ ማየት ያስደስታል።

እንግዲህ የዚያች በጋ ነገር እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ ተሰበረ፤ መለዋወጫው ከውጭ ይመጣል ተባለ። የቀረው አንዱ ከተማውን መሸከም አቃተው። በጥር ደግሞ ከአዲስ አበባ እንግዶች የሚገኙበት ትልቅ ስብሰባ አደባባዩ ላይ ይደረጋል። የአስተዳደሩ ኃላፊ ሞተር ቤት ድረስ መጡና የላይኛው መስመር ይቆረጥ አሉ። በላይኛው መስመር ጫፍ ላይ አንዲት ጤና ጣቢያ ነበረች፤ ከከተማው በላይ የተራራው ወገብ ላይ ያለች፣ እናቶች የሚወልዱባት። አደባባዩ ይብራ፣ ጤና ጣቢያዋ በፋኖስ ትሥራ ነው ነገሩ። ጋሽ ወልዴ ተቆጡ፣ እኔም ከእሳቸው ባሰብኝ። ማንንም መቁረጥ አያስፈልግም፣ የላይኛውን መስመር መብራት ብንለውጥ ጭነቱ በግማሽ ይወርዳል አልን። ኃላፊው አላመኑም። ወረቀቱን ወጠርን፣ መብራቶቹን አስተካከልን፣ ነጥቧን እፊታቸው አጠፋናት። ጎንበስ ብለው በዚህም በዚያም አዩና «አስማት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ጤና ጣቢያዋ ሳትቆረጥ ቀረች።

ቱቦዎቹን የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። ከቀትር በኋላ ነበር፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያቃጥለዋል። አዋላጇ ሲስተር ጥሩነሽ የጎባ ተወላጅ ነች፣ አፏ የማያርፍ፣ እጇም የማያርፍ። የማዋለጃውን ስናበራው ዞር ዞር ብላ አየችና አሁን ገና ደም ሥር ማየት ቻልኩ አለች። እኔም ኮራሁ። ያን ቀን ሥራዬ ያለቀ መሰለኝ።

የናፍጣ በርሜል በፈረስ ጋሪ የሚያመጣልን አብዶ የሚባል ሰው ነበር። ተጫዋች ነው። የተሰበረውን ሞተር ባየ ቁጥር ፈረሱን መታ መታ እያደረገ «የእኔ ሞተር መለዋወጫ ከውጭ አይጠብቅም» ይለናል። ታኅሣሥ አጋማሽ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ያለ በርሜል እየጋለበ መጣ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ባለቤቱን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያዋ ገብታለች፤ መብራቱ ይጠቅሳል እንጂ አይበራም አለኝ። ጋሪው ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ዳገቱን እንዴት እንደወጣነው አላውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ቱቦው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል። ጫፉና ጫፉ ይቀላል፣ መሐሉ አይያዝም። የጽዳት ሠራተኛዋ የእጅ ባትሪ ወደ አልጋው ይዛለች። ሲስተር ጥሩነሽ ቀና ሳትል «ወይ አብራው ወይ አጥፋው፣ ዓይኔን አሳወረኝ» አለችኝ። ወንድ የማይገባበት ክፍል ነውና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ቱቦውን የሚያስነሳውን ትንሹን ስታርተር አሽከረከርኩ፣ ለወጥኩ፤ እንቢ አለ። ቱቦውን በእጄ ስነካው እንደ በረዶ ነው። ያኔ ገባኝ። ጋቢዬን አውልቄ ቱቦውን ከጫፍ ጫፍ ማሸት ጀመርኩ፤ አሸሁ፣ አሸሁ፣ በመጨረሻ ያዘ። ብርሃኑ ግን ያ የማውቀው ብርሃን አልነበረም፤ እንደ ጭጋግ የገረጣ ነበር። ወንበሩ ላይ ቆሜ የሕፃን ጩኸት ጠበቅሁ። ብጠብቅ ብጠብቅ ምንም የለም።

እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እናቲቱ ተረፈች። እኔ በረንዳው ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሲስተር ጥሩነሽ እጇን ታጥባ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች። እንዲህም አለችኝ።

«በመብራቱ ነው አልልህም፣ ቃሲም። በመብራቱ አይደለምም አልልህም። ቶሎ ባየው ኖሮ ብዬ የማስበውን እኔ አስበዋለሁ፤ አንተ የአንተን አስብ።»

አብዶ የሐዘኑን ቃል፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ጋሪው ላይ አልወጣም፣ ፈረሱን በልጓሙ እየመራ በእግሩ ወረደ። ከቀናት በኋላ በርሜሎቹን እንደ ልማዱ አመጣ። ቀልዱን ግን አላመጣም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለጋሽ ወልዴ ስነግራቸው በርሜል ላይ ተቀመጡ። «እኔ ይህን ሥራ የተማርኩት ድሬዳዋ ነው» አሉ፤ «እዚያ መብራት ብርድ የሚባል ነገር አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብለህ አስጽፍ።» እንቢ አልኩ። እሳቸው የቆላ ሰው ናቸው፣ ቢስቱ ይፈረድላቸዋል። እኔ ግን ገብስ በውርጭ ሲቃጠል እያየሁ ያደግሁ የባሌ ልጅ ነኝ። ዲንሾ ላይ ጠዋት ጠዋት ሞተር በፍም ያሞቅሁ ሰው ነኝ። ብረት በብርድ እንደሚያምጽ አውቄ መስታወት አያምጽም ብዬ ነበርን? የለካነው በጎባ ምድር ከሁሉ የሞቀው ቤት ውስጥ ነው። ሞተር ቤት ሌሊትም እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ ጋሽ ወልዴ እንኳ አንዱን ጋቢ የሚያወልቁት እዚያ ብቻ ነው። ቱቦውን እዚያ ለክቼ ከተራራው ወገብ ላይ ሰቀልኩት። የጥፋቴ ልክ ይህ ነው።

እንዲህ ካልኩ በኋላ መቀመጥ አልሆነልኝም። ሲስተር ጥሩነሽን አስፈቀድኩ፤ የማዋለጃው ክፍል ባዶ በሆነበት ጠዋት ጎህ ሳይቀድ ወረቀቴን፣ ቱቦውንና ባለ መቶውን አምፖል ይዤ ወጣሁ። ጋሽ ወልዴም ቅሩ ብላቸው እንቢ ብለው እያሳሉ ተከተሉኝ። ቱቦው እስኪይዝ ጣቶቻችን ደነዘዙ። ከያዘ በኋላ ነጥቧ የጠፋችው አምፖሉ ስድስት ስንዝር፣ ቱቦው አምስት ስንዝር ላይ ሲሆኑ ነው። አምፖሉን እጥፍ ሊያህለው የነበረው ቱቦ እዚህ ክፍል ውስጥ በጎህ ሰዓት ከአምፖሉ አነሰ። ጋሽ ወልዴ ርቀቱን ራሴ እንድለካ ስንዝራቸውን ሰበሰቡ። ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰመርኩትን ያን መስመር ከዚያ በኋላ ረስቼው አላውቅም።

ያንኑ ዕለት በማዋለጃውና በቁስል ማሰሪያው ባለ መቶውን መለስኩ። ቱቦዎቹን ረፋድ ሲሞቅ ብቻ ወደሚሠራባቸው፣ ወደ መድኃኒት መስጫውና ወደ ካርድ ክፍሉ አዛወርኳቸው። እዚያ ጥሩ አበሩ። ግን ጭነቱ ተመልሶ ጨመረ፣ የሞተሩ የጭነት መለኪያ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣች። ኃላፊው ሰሙ። መስመሩ እስከ ዓርብ ይቆረጥ የሚል ትእዛዝ መጣ።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ከሁሉ በላይ የሚፈጀው አደባባዩ ነው። አሥራ ሁለት ባለ አምስት መቶ አምፖሎች ተሰቅለውበታል። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ለአንድ መንገድ ተብለው መጥተው መንገዱ የቀረባቸው ሜርኩሪ መብራቶች ነበሩ፣ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ። ባላስታቸውን ጨምረው እንኳ የባለ አምስት መቶውን ግማሽ የሚያልፉት በትንሽ ነው። ካርቶኑ ብዙ ያበራል ይላል። እኔ ግን ካርቶኑን ጣልኩት። ሦስት ጠዋት፣ ውርጩ መሬት ላይ እያለ፣ ከሞተር ቤት ውጭ ሜዳው ላይ ለካሁት። አምፖሉ ስድስት፣ ሜርኩሪው ሰባት ስንዝር። በብርድ ይነሳል፣ ነገር ግን ሙሉ እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ ይጎተታል። አጥፍቼ ወዲያው ሳበራው ደግሞ ጭራሽ እንቢ አለ፤ ካልቀዘቀዘ አይነሳም። ይህ ካርቶኑ ላይ አልነበረም።

ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መጎተቱንም እንቢታውንም አልደበቅሁም። አሥሩን እለውጣለሁ፣ ሁለቱን አሮጌ አምፖሎች መድረኩ ላይ እተዋለሁ፣ የላይኛው መስመር አይነካ አልኩ።

«እንግዶቹ ቆመው አደባባዩ ቢጨልም ማን ይጠየቃል?» አሉኝ።

«እኔ፣ ጓድ።»

«ለአንዲት ክፍል ይህን ያህል?»

«ያቺ ክፍል ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ጓድ። አደባባዩ ላይ ንግግር ነው የሚደረገው።»

ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። ይህን መናገሬ በዚያ ዘመን ብልህነት አልነበረም፣ አውቃለሁ። ኃላፊው ወረቀት ገፋ አድርገው «ፈርም» አሉኝ። ከዚያ በፊት በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የማኖረው አውራ ጣቴን ነበር። ያን ቀን ስሜን ጻፍኩ፤ ሦስቱ ፊደላት ወረቀቱን ግማሽ ያዙት።

የስብሰባው ቀን አመሻሽ ላይ ሜርኩሪዎቹን ቀድሜ አበራኋቸው። ደርሰው ነጭ ሲሆኑ ሰዉ ቀና ብሎ አየ። ንግግሩ መሐል ላይ ግን የፈራሁት መጣ፤ ሞተሩ አንዴ አነቀውና ከተማው በሙሉ ጠፍቶ ወዲያው ተመለሰ። አሥሩ ሜርኩሪዎች ጨለሙ። ሁለቱ አሮጌዎች መድረኩ ላይ ቦግ አሉ። ተናጋሪው አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገና ቀጠለ። ኃላፊው ከመድረኩ ላይ አንገታቸውን አዙረው ፈለጉኝ፣ አገኙኝ። እኔ ምሰሶው ሥር ግራ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። ደቂቃዎቹ አላልፍ አሉ፤ አጠገቤ የነበረ አንድ ገበሬ «ደክሟቸው ነው፣ ተዋቸው ይረፉ» አለኝ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ መጡ። ማግስቱን ማንም አልጠራኝም። የላይኛው መስመርም አልተቆረጠም፤ ሁለተኛው ሞተር እስኪጠገንም፣ ከተጠገነም በኋላ፣ በየሳምንቱ ጎህ ሲቀድ እየወጣሁ የዚያችን ክፍል መብራት ራሴ አበራ ነበር። ሲስተር ጥሩነሽ «አንተ ሰው ቤት የለህም?» እስክትለኝ ድረስ።

አብዶ ዓመቱን ሙሉ ከሰላምታ በላይ አላናገረኝም። «አካም ቡልቴ» ይለኛል፣ «ፈያ» እለዋለሁ፣ በርሜሉን አውርዶ ይሄዳል። እኔም ይቅር በለኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ስንቴ ዘጋሁት። በዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ የጋሪ ድምፅ ሰምቼ ከሞተር ቤት ወጣሁ። በርሜል የለም። ገለባ ላይ ባለቤቱ ተከናንባ ተቀምጣለች፣ የጋሪውን እንጨት አጥብቃ ይዛለች። ወደ ላይ እየወጡ ነው። አብዶ ልጓሙን ያዝ አድርጎ ከጋሪው ሳይወርድ ጠየቀኝ።

«ቃሲም፣ እዚያ ክፍል ያለችው የትኛዋ ናት? ነጯ ናት?»

«አይደለችም። ቢጫዋ አምፖል ናት። ትናንት ጠዋት አይቻታለሁ።»

«ቢጫዋ ብዙ ትበላለች ስትሉ አልነበር?»

«ትበላለች።»

ባለቤቱን ዞር ብሎ አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ትብላ» አለና ፈረሱን ነካው።

እኔ ገባሁና የጭነት መርፌዋ ፊት ቆምኩ። ጋሽ ወልዴ ተረኛ ሳይሆኑ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ረፋድ ላይ ጋሪው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። አብዶ ፊቱን በእጁ እየጠረገ ገባ።

«ሴት ናት» አለን። ቀጥሎም ተሰብሮ የነበረውን ሞተር፣ አሁን ተጠግኖ የሚጮኸውን፣ ገልመጥ አደረገና «በርሜሎቹን ከቀትር በኋላ ባመጣ ይህ ሽማግሌ ሞተራችሁ ይሞትባችኋል?» አለ።